ከደባርቅ ሆኖ የጎንደርን ፎልደር መክፈት

መነሻ፦ ማራኪ

ነሐሴ 27 ቀን 2005 ዓ.ም. ሰኞ ጠዋት ጎንደር ካለው ሰፈራችን ከማራኪ ተነሳሁ። ትከሻዬ ላይ ላፕቶፕ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ሞደም፣ ክንዴ ላይ ደግሞ አባቴ በግድ ያሸከመኝ ጋቢ ነበር። አባቴ ቅዳሜ ገበያ ጨርቅ ይሸጣል፤ ዕድሜውን ሙሉ ከደጋ ሰው ጋር ስለተገበያየ ስለ ደጋ ብርድ የሚያውቅ እሱ ብቻ ይመስለዋል።

«በነሐሴ ደባርቅ ያለ ጋቢ ይኬዳል?» አለኝ።

«አባ፣ አንድ ቀን ነው የማድረው።»

«ብርዱ ስንት ቀን ነው የምታድሪው ብሎ አይጠይቅሽም» ብሎ በሩን ከፈተልኝ። ከአባቴ ጋር ተከራክሬ ያሸነፍኩበት ቀን ስለሌለ ጋቢውን ይዤ ወጣሁ።

ፈቲያ እባላለሁ። የገጠር ምንጮችን አጥሮና ገንብቶ ንጹሕ ውሃ በሚያወጣ አንድ ፕሮጀክት የጎንደር ቢሮ ውስጥ እሠራለሁ፤ ኮምፒውተርና ኔትወርክ የሚባለው ነገር ሁሉ የሚወድቀው እኔ ላይ ነው። የምንጮቹ ንድፍ በሙሉ የሚቀመጠው ጎንደር ባለው ሰርቨር ላይ፣ ሁላችንም በምንጋራው አንድ ፎልደር ውስጥ ነው። ጎንደር ያለን ሰዎች ከየጠረጴዛችን እንከፍተዋለን። ገጠር ያሉት ቅርንጫፎች ግን ሥራቸውን በፍላሽ አድርገው በሚኒባስ ሾፌር እጅ ይልካሉ፤ ፍላሹን የተቀበለ ሰው ወደ ፎልደሩ ይገለብጠዋል። ይህን ለማስቀረት ነበር የተነሳሁት። ቪፒኤን የሚባለው ዘዴ በኢንተርኔቱ ውስጥ ለእኛ ብቻ የተቆለፈ መተላለፊያ ይሠራል፤ በዚያ ሲገባ ደባርቅ የተቀመጠ ሰው እንደ ጎንደር ሠራተኛ ፎልደሩን ይከፍታል፣ ያነባል፣ የራሱንም ያስቀምጣል። ከሳምንት በፊት ትክል ድንጋይ ያለው ቅርንጫፋችን ሄጄ ስሞክረው ያዘዝኩት ሻይ ሳይመጣ ሠርቶልኝ ነበር። ልቤ አብጦ ነው ወደ ደባርቅ የሄድኩት ብል ውሸት አይሆንም።

ልቤን የከበደው ሌላ ነገር ነበር። አርብ ዕለት ኃላፊያችን ኢንጂነር ደምሴ ቢሮው ጠርቶኝ ፎልደሩን ከፈተና ጣቱን ስክሪኑ ላይ አሳረፈ።

«ከትክል ድንጋይ ይኸው፣ ከሌሎቹም ይኸው። ከደባርቅ ዘንድሮ አንድ አዲስ ንድፍ የለም። ተሰማ ደሞዝ ይበላል እንጂ አይሠራም» አለኝ። «ኔትወርኩ ከሠራለት እሰየው፣ ምክንያት ያጣል። ካልሠራ ኮምፒውተሩን ይዘሽ ነይ። ቅርንጫፉን ዘግቼ እሱን ጎንደር አመጣዋለሁ፤ ዓይናችን ሥር ሆኖ ይሠራል።»

እሺ ብዬ ወጣሁ። የደባርቅን ቅርንጫፍ ብቻቸውን የያዙትን አቶ ተሰማን በስልክ ድምፅ እንጂ በአካል አላውቃቸውም ነበር።

ወለቃ፣ አምባ ጊዮርጊስ፣ ዳባት

የደባርቅ ሚኒባስ አርባ ብር ነው። ረዳቱ «ሞልቷል፣ አንድ ሰው ብቻ» እያለ ከጠራኝ በኋላ ሦስት ሰው ጨምሮ ነው የተነሳነው። አጠገቤ የተቀመጡት የዳባት ሴት ገና ወለቃ ስንደርስ ሾፌሩን አስቁመው ወረዱ። መንገድ ዳር ከተደረደረው ሸክላ መካከል አንድ ሰፊ ድስት መርጠው፣ በጣታቸው አንኳኩተው፣ ድምፁን አዳምጠው፣ አልወደዱትም። ሌላ አንኳኩ። ተሳፋሪው ሁሉ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ አብሮ ያዳምጥ ጀመር። ሦስተኛው ላይ «ይቺ ደኅና ናት» ሲሉ ከኋላ አንድ ሰውዬ «እኔም እሷን ነበር የምል» አለ።

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ የድስቱ መንገድ ሆነ። ጥምዝ በመጣ ቁጥር ሴትዮዋ «አንዴ ያዢልኝ» ይሉኛል፤ ላፕቶፑን በጉልበቴ መካከል አጣብቄ ድስቱን አቅፋለሁ።

«ይሄ ጥቁሩ ቦርሳ ምንድን ነው?» አሉኝ በመጨረሻ።

«ኮምፒውተር ነው እማማ።»

«ደባርቅ ኮምፒውተር የለም?»

«አለ። እሱን ላገናኘው ነው የምሄደው፣ ጎንደር ካለው ጋር።»

ትንሽ አሰቡ። «እንግዲህ ከተገናኙ አንቺ ምን ሥራ ይኖርሻል?» አሉ። ደግነቱ ሌላ ጥምዝ መጣና ድስቱን ተቀበልኩ።

አስፋልቱ አንዳንድ ቦታ አልቋል፣ አንዳንድ ቦታ ጠጠርና ጭቃ ነው። አምባ ጊዮርጊስን ስናልፍ ጉም ወርዶ ሾፌሩ መብራት አበራ። ጉሙ በተገለጠበት በኩል ገብሱ ዘለላውን አውጥቷል፣ ባቄላው አብቧል፣ ከየገደሉ አፋፍ ውሃ ይወርዳል። ይህን ሁሉ ውሃ እያየሁ ሰው ንጹሕ ምንጭ አጣ ማለት ለራሴም ይገርመኛል። ግን ክረምት ሲወጣ የሚቀረው ውሃ ከብትና ሰው አብሮ የሚጠጣው ነው፤ ሥራችን የመጣው ከዚያ ነው። ዳባት ላይ ሴትዮዋ ድስታቸውን አቅፈው ወረዱ፣ «አላህ ያግዝሽ» ብለው መረቁኝ። ክርስቲያን ናቸው፤ ሻሼን አይተው በእኔ አፍ መመረቃቸው ደስ አለኝ። እኔ ደግሞ ጋቢውን ያን ጊዜ ነው የለበስኩት። ለአባቴ አልነገርኩትም።

ደባርቅ፣ አንደኛው ቀን

ቢሮው ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ በአንድ ግቢ ውስጥ የተከራየ ባለ አንድ ክፍል ቤት ነው። ጋሽ ተሰማ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ሃምሳን ያለፉ፣ ረጅም፣ ፀጉራቸው ከጎንና ከጎን የሸበተ ሰው ናቸው። ጣሪያው ስለሚያፈስ ኮምፒውተሩን በላስቲክ ሸፍነውታል፤ ሲገልጡት አንዲት አቧራ አልነበረችበትም። ይህ ሰው አይሠራም ከተባለ ኮምፒውተሩን ለምን እንዲህ ይንከባከበዋል ብዬ ገና ከመግባቴ ግራ ገባኝ።

ሞደሙን ሰካሁ፤ ኢንተርኔት ገባ። ፕሮግራሙን ጫንኩ። ሰርቨሩ የራሳችን ሰው መሆኑን የሚያውቅበት እንደ መታወቂያ ያለ ሰርተፍኬት አለ፤ እሱንም አስገባሁ። ተገናኝ የሚለውን ስጫነው ምልክቱ ቢጫ ሆነ፣ ቆየ፣ ቀይ ሆነ። ደገምኩት። ቢጫ፣ ከዚያ ቀይ። ሰርተፍኬቱን አልቀበልም ይላል።

«እምቢ አለ?» አሉኝ ጋሽ ተሰማ።

«ይሠራል፣ ትንሽ ይታገሡ።»

ፕሮግራሙን አጥፍቼ እንደገና ጫንኩ። የይለፍ ቃሉን ፊደል በፊደል ጻፍኩ። የቫይረስ መከላከያውን ዘጋሁ። ሞደሙን በረዥም ገመድ አድርጌ መስኮቱ ላይ ሰቀልኩት። ቢጫ፣ ቀይ።

«ይሄ ኮምፒውተር ተመርጦ ነው መሰል የተሰጠኝ» አሉ ጋሽ ተሰማ በትካዜ። «ኢሜይልም ከፍቶልኝ አያውቅም። ማስጠንቀቂያ የሚመስል ነገር ያወጣና ይዘጋብኛል። ስለዚህ ነው በፍላሽ የምልከው።»

«ይልካሉ?» አልኩ ሳላስበው።

«ምን ማለትሽ ነው? በየሳምንቱ ነው እንጂ።»

ፊታቸውን አየሁ። ውሸት የሚናገር ሰው ፊት አልነበረም።

ምሳ እቤታቸው ካልሆነ አሉ። ሁለት ግቢ አልፎ ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ አሰገደች መደብ ላይ ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ካመማቸው በኋላ ግራ ጎናቸው አይታዘዝም። አንዲት ጎረቤት ገብታ ውሃ አቀረበች፣ ሌላዋ ሽሮ ይዛ መጣች። «ሥጋ ነክቶታል ብለሽ አትሳቀቂ ልጄ፣ ድስቱም የሽሮ ብቻ ነው» አሉኝ ወይዘሮ አሰገደች። ስለ እኔ አስቀድመው ማሰባቸው ሆዴን አባባው። ወደ ጓሮ መውጣት ሲፈልጉ ጋሽ ተሰማ አንዱን ክንድ፣ ጎረቤቲቱ ሌላውን ያዙ። ማንም ማንንም አልጠራም፤ እንደ ለመዱት ነው ያደረጉት።

«ጠዋት ጠዋት ይሄ ሰፈር ባይኖር እኔ ሥራ አልገባም ነበር» አሉ ጋሽ ተሰማ ሲመለሱ።

ጎንደር ኪራይ ቤት ውስጥ፣ ማንንም በማያውቁበት ግቢ፣ ያን ሁለተኛ ክንድ ማን ይይዛል? ኢንጂነር ደምሴ ይህን አያውቅም። እኔም ያን ቀን ጠዋት አላውቅም ነበር።

ከሰዓት በኋላ በላፕቶፔ ሞከርኩት። ያው ሞደም፣ ያው መስኮት። ቢጫ ሆነ፣ አረንጓዴ ሆነ። ፎልደሩ ተከፈተ። ደባርቅ ተቀምጬ የጎንደር ቢሮን ፋይሎች ፊቴ ሳይ፣ ሥራዬ ቢሆንም፣ ልጅ ሆኜ መጀመሪያ ስልክ ያነሳሁበት ቀን ደስታ ተሰማኝ። ጋሽ ተሰማን ጠራኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ቀረቡ።

«ይሄ ጎንደር ያለው ነው? አሁን?»

«አሁን።»

ፋይሎቹ በቀን ነው የተደረደሩት፤ የቅርቡ ከላይ፣ የድሮው ከታች። ጋሽ ተሰማ ከላይ ጀምረው አነበቡ። ትክል ድንጋይ፣ ትክል ድንጋይ፣ ጎንደር ዙሪያ። ወደ ታች አወረድኩላቸው። የሰኔ አለፈ፣ የመጋቢት አለፈ፣ ከመስከረም ወዲህ ያለው ሁሉ አለፈ። ደባርቅ የሚል የለም።

«የኔ የታል?» አሉኝ።

መነጽራቸውን አወለቁና በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ፤ ደግመው አድርገው ደግመው አዩ። «ሾፌሮቹ አላደረሱም ይሆን? ደርሷል እኮ ይሉኛል» አሉ። ድምፃቸው ወርዶ ነበር። ዓመቱን ሙሉ የሠራ ሰው ሥራው አንድም ቦታ የለም ሲባል ማየት እንዲህ ይከብዳል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ለኢንጂነር ደምሴ ደወልኩ። ላፕቶፑ ላይ ሠርቷል፣ ኮምፒውተሩ ላይ እምቢ ብሏል አልኩት።

«እንግዲያው ኮምፒውተሩ ነው የተበላሸው። አለቀ። ነገ ይዘሽው ነይ።»

«ሥራ እልክ ነበር ነው የሚሉት፣ በየሳምንቱ።»

«ፈቲያ፣ ፎልደሩን አይተሻል አይደል?»

አይቻለሁ። ስልኩን ስዘጋ ጋሽ ተሰማ ላስቲኩን ኮምፒውተሩ ላይ እያለበሱ ነበር።

«ሊወስዱት ነው አይደል?» አሉኝ ሳይዞሩ።

መዋሸት አማረኝ። ግን ሽሯቸውን በልቻለሁ። «ነገ ካልሠራ ይዘሽ ነይ ብለውኛል። እርስዎም ጎንደር እንዲመጡ» አልኩ።

«አሰገደችን ምን ላድርጋት?» አሉ። እኔን አልጠየቁም፤ ለራሳቸው ነው ያሉት።

አንድ ሆቴል አደርኩ። ብርድ ልብሱ ሁለት ነው፣ ጋቢው ሦስተኛ ሆነ።

ደባርቅ፣ ሁለተኛው ቀን

ጠዋት ስደርስ ጋሽ ተሰማ ቀድመውኝ ገብተው ኮምፒውተሩን ከፍተውታል። የመጨረሻ ሙከራ ብዬ ተቀመጥኩ። በላፕቶፑ በኩል አዲስ ሰርተፍኬት ሠርቼ በፍላሽ አዛወርኩለት። ያንንም መለሰው። እልህ ያዘኝ፤ እኔ ማሽን ሲያሸንፈኝ አልወድም።

በዚህ መካከል አንድ ገበሬ ዱላቸውን በር ላይ አስደግፈው ገቡ። የአንዲት ቀበሌ የውሃ ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው፤ ጋሽ ተሰማ አያ ሞላ ብለው ተቀበሏቸው። ዕለቱ አማኑኤል ስለሆነ እርሻ የለም፤ ለዚያ ነው ከተማ የወጡት። ስለ ከብቱ፣ ስለ ቤተሰቡ፣ ስለ ዝናቡ ተጠያየቁና አያ ሞላ ወደ ጉዳያቸው ገቡ።

«ድንጋዩን ሰብስበናል፣ አሸዋውም ሸጋ ነው። ግንበኛው መቼ ነው የሚመጣ? ምነው ዘገየ?»

ጋሽ ተሰማ ወደ ኮምፒውተሩ ጎንበስ አሉ። እየሠራሁበት ስለነበር በትከሻዬ በኩል አጮልቀው የስክሪኑን ታችኛ ጥግ አዩና ቀና አሉ። «ዛሬ ሃያ ስምንት ነው። ጳጉሜ አለ፣ እንቁጣጣሽ አለ። በመስከረም ሚካኤል ግንበኛው እናንተ ዘንድ ነው።»

«በሚካኤል?»

«በሚካኤል። ሰዉን ሰብስበህ ጠብቅ።»

አያ ሞላ ቀኑን በልባቸው ይዘው አመሰገኑ። እኔ ግን እጄ ኪቦርዱ ላይ ቀርቷል። ዛሬ በእኛ ሃያ ስምንት ነው። ጋሽ ተሰማ ይህን ያነበቡት ከኮምፒውተሩ ነው። ኮምፒውተር ደግሞ የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው፤ በፈረንጅ ዛሬ ሦስት ነው። ወደ ጥጉ ተመለከትኩ። 28/12/2005 ይላል። ሰዓቱም በእኛ አቆጣጠር ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ስመለከተው የነበረ ሰዓት! የእጄ ሰዓት ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ይላል፣ ኮምፒውተሩም ሦስት ሰዓት ተኩል ይላል፤ ምን ብዬ ልጠራጠር?

«ጋሽ ተሰማ፣ ይሄን ቀን ማነው እንዲህ ያደረገው?»

«እኔ ነኝ። ምነው፣ ተሳሳተ?»

«የኛ ቀን ነው እኮ።»

«አዎ፣ የኛ ቀን። ሁልጊዜ ጠዋት ከፍቼ አስተካክለዋለሁ።»

አያ ሞላ ለመሄድ ዱላቸውን አንስተው ነበር፤ ወሬው ሲጥማቸው መልሰው አስቀመጡት። ጋሽ ተሰማ ነገሩን እንዲህ አጫወቱኝ። ሥራ የጀመሩ ሰሞን ከጎንደር ግንበኞች በአሥራ ሁለት ይመጣሉ ተብሎ ተነገራቸው። ኮምፒውተሩ ላይ አሥራ ሁለትን አዩ፣ ለሕዝቡም አሥራ ሁለት አሉ። ገበሬ አሥራ ሁለት ሲባል ሚካኤል ነው የሚያውቀው። ግንበኞቹ በፈረንጅ አሥራ ሁለት መጡ፣ ሰው አጡ፣ ተመለሱ። ሕዝቡ በሚካኤል ድንጋዩን ተሸክሞ ወጣ፣ ግንበኛ የለም።

«የኛ ቀበሌ ነው እሱ» አሉ አያ ሞላ ከበር። «ሙሉ ቀን ቆመን ዋልን። ያን ዓመት ሳይሠራልን ቀረ። ሕፃናቱም ሆዳቸውን እየታመሙ ከረሙ።»

«ከዚያ ወዲህ ይሄ ማሽን ሁለተኛ እንዳያሳስተኝ ብዬ ቀኑን ቀየርኩት» አሉ ጋሽ ተሰማ።

መጠየቅ አላቆምኩም። «ጳጉሜንስ እንዴት ያደርጉታል? ኮምፒውተር ላይ አሥራ ሦስተኛ ወር የለም እኮ።»

«አሥራ ሁለተኛው ወር ሠላሳ አንድ አለው አይደል? እዚያ ላይ አስሬ አቆየዋለሁ። በነጋ ቁጥር ወደ አንድ ይሸሻል፣ በነጋ ቁጥር እመልሰዋለሁ፣ እስከ እንቁጣጣሽ።»

«ሌሎቹ ወሮችስ?»

«ጥቅምት ያስቸግራል። ሃያ ዘጠኝና ሠላሳን አልጽፍም ይላል። ሁለቱን ቀን ሃያ ስምንት ላይ አቆመዋለሁ።»

ሳቄን መቆጣጠር አልቻልኩም፤ እሳቸውም አብረውኝ ሳቁ፣ ምን እንደሚያስቅ ባይገባቸውም። ከዚያ አስረዳኋቸው። ያ መታወቂያ ያልኩት ሰርተፍኬት የተሠራው በፈረንጅ 2013 ነው። ኮምፒውተሩ ግን 2005 ላይ ነው ያለው። ከስምንት ዓመት በኋላ የሚሰጥ መታወቂያ ይዞ የመጣን ሰው ማን ያስገባል? ኢሜይሉም በዚሁ ምክንያት ነው የተዘጋባቸው።

ቀኑን አስተካከልኩ። ተገናኝ አልኩት። ቢጫ ሆነ፣ አረንጓዴ ሆነ። ፎልደሩ በዚያ በላስቲክ በተሸፈነ ኮምፒውተር ላይ ተከፈተ።

ጋሽ ተሰማ ግን ደስ አላላቸውም። «የኔ ሥራ እንደሁ የለበትም» አሉ።

ያን ጊዜ ነው ነገሩ ብልጭ ያለልኝ። ፋይል የተሠራበትን ቀን የሚወስደው ከተሠራበት ኮምፒውተር ነው። የእሳቸው ኮምፒውተር 2005 ላይ ነው የኖረው። ማውዙን ይዤ ወደ ታች ወረድኩ። 2013 አለቀ፣ 2012 አለቀ፣ 2010፣ 2008፤ ፕሮጀክቱ ከተጀመረበት ዘመን ካሉት አሮጌ ፋይሎች መካከል ወረድኩ። እዚያ ተደርድረው ነበር። ደባርቅ፣ ደባርቅ፣ ደባርቅ። ስክሪኑን ሞልተው አልፈው ይሄዳሉ። ሾፌሮቹ አድርሰዋል፣ ጎንደር ያለውም ሰው ገልብጧል። ፍላሹ ጠፍቶ አያውቅም። ከታች ያለውን ወርዶ ያየ ሰው ነው የጠፋው።

«ይቺ የአያ ሞላ ምንጭ ናት» አሉ ጋሽ ተሰማ ጣታቸውን ዘርግተው። «ይቺ ከገደል ሥር ያለችው። ይቺን ሁለቴ ነው የሠራኋት፣ ዝናብ ቦታውን ቀይሮት።» አያ ሞላም ገብተው ከኋላችን ቆመዋል፤ ማንበብ አይችሉም፣ ግን ጣቱን በዓይናቸው ይከተላሉ። ጋሽ ተሰማ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር፤ ብርዱ ነው አሉ።

ለኢንጂነር ደምሴ ደወልኩ። «ፎልደሩን ይክፈቱ። በቀን ሳይሆን በስም ይደርድሩት። ወደ ደባርቅ ይሂዱ» አልኩ።

ማውዙ ጠቅ ሲል ይሰማኛል።

«እነዚህ የድሮ ናቸው» አለ። «2005 ነው የሚሉት።»

«የኛ 2005 ነው፣ ኢንጂነር።»

«ዘንድሮ?»

«ዘንድሮ።»

ወረቀት ላይ የጻፍነው ቢሆን 2005ን አንድም ሰው የድሮ አይለውም ነበር፤ ኮምፒውተር ላይ ስናየው ግን ዓይናችን በፈረንጅ ያነባል። እኔም ትናንት ከጋሽ ተሰማ ጋር ወርጄ እስከ መስከረም ሳይ፣ ከዚያ በታች ያለው አይመለከተንም ብዬ ነው ያቆምኩት።

«ኮምፒውተሩን ትተሽው ነይ» አለ ኢንጂነር ደምሴ፤ ስልኩም ተዘጋ።

ጋሽ ተሰማ የሰሙትን ለማመን ጊዜ ፈጀባቸው። ከዚያ አንድ ሥጋት ቀረባቸው፦ ቀኑ በፈረንጅ ከሆነ ነገ ከነገ ወዲያ ለሰው የተሳሳተ ቀጠሮ ልሰጥ ነው። ከጎረቤት ሱቅ የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ገዝተው ከስክሪኑ በላይ ሰቀሉ። ያም አልበቃቸውም። ከቁስል ፕላስተር ላይ ትንሽ ቆርጠው የስክሪኑን ታችኛ ጥግ፣ ቀኑ የሚታይበትን ቦታ፣ ለጠፉበት። «ዓይን ሌባ ነው፣ ልማዱ ወደዚያ ይሄዳል» አሉኝ። እንዲህ ያለ የኔትወርክ ጥገና ትምህርት ቤት አልተማርኩም፤ ግን እንከን አላገኘሁበትም።

ወይዘሮ አሰገደችን ልሰናበት ስገባ ሁሉን ሰምተዋል። በደኅና እጃቸው እጄን ያዙ። «እዚሁ ልንኖር ነው አሉኝ» አሉ።

«እዚሁ ነው እማማ» አልኳቸው።

መልስ

በመመለሻው መንገድ አጠገቤ ድስት የያዘ ሰው አልነበረም፤ ላፕቶፑን አቅፌ እያንቀላፋሁ ነው ጎንደር የደረስኩት። ማታ አባቴ ብርዱ እንዴት ነበር ሲለኝ «ደኅና ነበር» አልኩት። ጋቢው ላይ ያለውን ጭቃ አይቶ ፈገግ አለ።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ብዙ አይደለም፣ ግን ሥራዬን ቀይሮታል። አንድ ማሽን እምቢ ሲል ገመዱንና ፕሮግራሙን ከመነካካቴ በፊት የሚቀመጥበትን ሰው ምን ታደርግበታለህ ብዬ እጠይቃለሁ። በቀን የተደረደረ ነገር ሳይም እስከ መጨረሻው እወርዳለሁ። ከሁሉም በላይ ግን የማይታይ ሁሉ ያልተሠራ አይደለም፤ ይህን ያን ሰው ፊት አይቼ ነው ያወቅኩት።

በነጋታው ከሰዓት ጋሽ ተሰማ ከደባርቅ ሆነው የመጀመሪያውን ንድፍ በራሳቸው እጅ ወደ ፎልደሩ አስገቡ። ኢንጂነር ደምሴ ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር፤ ጠዋት ከገባ ጀምሮ የደባርቅን ንድፎች አንድ በአንድ ሲከፍት ነው የዋለው። ፋይሉ ከሁሉ በላይ ብቅ አለ። ወዲያው ስልኬ ጠራ።

«ታየ?» አሉኝ ጋሽ ተሰማ።

ልመልስ ስል ኢንጂነር ደምሴ እጁን ዘርግቶ ስልኩን ከእጄ ወሰደው።

«ታየኝ፣ ጋሽ ተሰማ» አላቸው። «ሁሉም ታየኝ።»